ቅኔ ቤቱን ያዳነው ወፍጮ

ባለፈው ክረምት ማለቂያ ከምኖርበት ከኖርዌይ ወደ ትውልድ መንደሬ ኮሶዬ ስገባ አገሩ ሁሉ ታሪክ ሆኖ ጠበቀኝ። ከጎንደር የመጣ ኮሚቴ የአካባቢውን ታዋቂ ሥፍራዎች፣ ሰዎችና ተቋማት በመጽሐፍ ሊያወጣ ይዞራል። ሐሜት አይሁንብኝና ሸጋ ሥራ ነው። በመንገዱ ዳር ግንብ የሆነ ነገር ሁሉ ተመዝግቧል። ጣሊያን ጥሎት የሄደው፣ ዛሬ ፍየል የሚያድርበት ቤት እንኳ አልቀረም። ፍየሎቹ ብቻ ናቸው ያልተመዘገቡት።

የቀረው የአጎቴ ቅኔ ቤት ነበር። አጎቴን አገሩ የሚጠራቸው የኔታ እያለ ነው፤ እኔም እንደዚያው። ጎጆዎቹ ያሉት ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ገደሉ ለፎቶ ስለሚያምር አንድ ባለሀብት ሎጅ ልሥራበት ብሎ ጠይቋል። ኮሚቴው ቅርስ ነው ካለ ቦታው አይነካም፤ ካላለ ተማሪዎቹ ይበተናሉ፣ የየኔታም ጉባኤ በስተርጅና ይታጠፋል።

ከኮሚቴው ሁለት ሰዎች መጡ። የተማሩ፣ ትሑታን ናቸው፤ ከማኪናቸው ወርደው ጭቃውን እንኳ በትሕትና ነበር የሚረግጡት። ግቢውን ዞረው ያረጀ ነገር አጡ። የቅኔ ተማሪ ጎጆውን ራሱ ይሠራል፤ ሲሄድ ለሚመጣው ይተዋል፤ የመጣው ደግሞ የበሰበሰውን አፍርሶ እንደገና ያቆማል። ስለዚህ ትምህርቱ የጥንት፣ ጎጆው ግን ሁልጊዜ አዲስ ነው። የኔታ ይህን ረጋ ብለው አስረዱ። አንደኛው እንግዳ ከልቡ አዘነላቸው።

«ምን ይደረግ የኔታ፣ መመሪያው ያረጀ ግንባታ ነው የሚለው» አለ።

እውነቱን ነው፤ ቅኔ በሜትር አይለካም።

ሊሄዱ ሲሉ ሁለተኛው ሰውዬ የየኔታን መቀመጫ አየ። መሐሉ የጎደጎደ፣ ዳሩ የተሸረፈ ድንጋይ ነው። ቁጢጥ ብሎ በመዳፉ ዳበሰው፤ ድምፁ ራሱ ተለወጠ። ዘመኑን ጠየቀ።

«ልጄ፣ ድንጋይ አይደለም እንዴ? ዘመኑን የፈጠረው ያውቃል» አሉ የኔታ።

እኔ ግን ድንጋዩን አውቀዋለሁ። የእናቴ ወፍጮ ነው፤ መጅ በሚባለው የእጅ ድንጋይ እህል የምትፈጭበት። የሞተር ወፍጮ ኮሶዬ የገባ ጊዜ እናቴ ተገላገልሁ ብላ ከቤት አውጥታ ያስጣለችው፣ የኔታ ደግሞ ለወገቤ ይመቸኛል ብለው ያስወሰዱት። ያን ጉድጓድ የቆፈሩት ነገሥታት ሳይሆኑ እናቴና አማቷ ናቸው፤ ያውም ለጤፍ። እዚያ የቆሙት የደብሩ ሽማግሌዎች ይህን ሁሉ ያውቃሉ። አንዳቸውም አልዋሹም። ሁሉም ሰማይ ሰማዩን እያዩ ስለ ዝናቡ መጫወት ጀመሩ። አንደኛው ሽማግሌ ብቻ ሳል ይዟቸው ከአጥሩ ወዲያ ሄዱ።

ማኪናው ከራቀ በኋላ የኔታን ዝም ማለታችን ኃጢአት አይሆንም ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ስለ ጉባኤው ነገርኋቸው፣ አዘኑልኝ። ስለ ድንጋዩ ጠየቁኝ፣ መለስሁላቸው» አሉኝ። «አንቺ ምነው ከእኔ ብሰሽ ፈራሽ?»

እኔ ግን ኅሊናዬ እሺ ስላላለኝ ወደዚህ ወደ ኖርዌይ ስመለስ ለንስሐ አባቴ ነገርሁ። እሳቸውም ሳቃቸውን በመስቀላቸው ሸፈኑ።

መጽሐፉ በቅርቡ በስልኬ ደረሰኝ። ቤተ መንግሥቱና አድባራቱ በየማዕረጋቸው ተደርድረዋል። ወደ መጨረሻው የእኛ ድንጋይ አለ፤ ፎቶው ከአንዳንድ ደብር ይበልጣል። ከሥሩ «ዘመኑ ያልታወቀ ጥንታዊ የድንጋይ መንበር፤ በዙሪያው ጊዜያዊ ጎጆዎች ይገኛሉ» ይላል። ስለ ቅኔ አንድ ቃል የለም። ግን ባለሀብቱ ወደ ሌላ አፋፍ ሄዷል፤ ጊዜያዊዎቹም ጎጆዎች አሉ፣ ተመስገን። መንበሩ በሽቦ ታጥሯል። ቅርስ ላይ መቀመጥ ስለማይፈቀድ የኔታ ከሽቦው አጠገብ አጎዛ አንጥፈው ያስተምራሉ፤ ወገባቸውን እያመማቸው።

ለእናቴ ደውዬ አነበብሁላት።

«መንበር አሉት?» አለች። «ሸጋ ብለዋል። መጁን ግን አልጠየቁም? የጓዳውን በር የምደግፍበት እሱ ነው። የሚመጡ ከሆነ አስቀድመሽ ንገሪኝ፣ ለበሩ ሌላ ድንጋይ ልፈልግ።»