የተመነተፈው ስልክና አቶ አይቻልም

የሐኪም ቤቱን ኮምፒውተሮች የሚጠብቀውን ሰውዬ ሁሉም «አቶ አይቻልም» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ነርሶቹ ናቸው። በግል ስልካችሁ የበሽተኛ ውጤት አትላላኩ እያለ ሦስት ዓመት ለፈለፈ። ሰሚ ሲያጣ፣ እንግዲያው ስልካችሁን አስመዝግቡ፣ ከጠፋ ከዚህ ሆኜ እደመስሰዋለሁ አለ። በየስልኩ የሥራውን ከግሉ ለይቶ አጥሮ የሥራውን ብቻ መደምሰስ ይቻል ነበር። ግን አንዱ ስልክ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ስልኮቹ ሰማንያ፣ እሱ አንድ ለእናቱ። ሁሉንም በጅምላ መዘገበና «ፈርሙ» አለ። ሰው ደክሞት የሚሠራው ስሕተት በጊዜው ስሕተት አይመስልም፤ ብልሃት ይመስላል።

ዛሬ ጠዋት ጡረታዋ የደረሰ አንዲት ነርስ እያለከለከች ገባች።

«ከአውቶቡስ ስወርድ ሌባ ስልኬን መነተፈኝ!»

«የሚስጥር ቁጥሩ ስንት ነው?»

«አራት ጊዜ አንድ።»

«ሲስተር፣ ይኼማ ቁልፍ አይደለም፣ መጋረጃ ነው። የበሽተኛ ነገር አለበት?»

«የሰባት ሰው ውጤት። አንዷ ለባሏ እንኳ አልነገረችም።» ቀጥላም፣ «የኔም ሰውዬ አለበት» አለች።

የነርሷ ባል ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። ድምፁ የቀረው እዚያ ስልክ ላይ ብቻ ነው፦ ዳቦ ግዢ፣ የት ቀረሽ፣ በሩን ክፍት ትቼልሻለሁ። ሌላ ቁም ነገር የለውም።

«የሥራውን ብቻ አጥፋልኛ።»

«አይቻልም» አለ፤ እንደዚህ ያፈረበት አይቻልም በዕድሜው ከአፉ አልወጣም። «ይቻል ነበር። እኔ ነኝ ሰልችቶኝ የተውኩት።»

ነርሷ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። አልተቆጣችም፤ ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

«እስከ ማታ ብንጠብቅስ? ምናልባት ቢመልሰው?»

«ሌባው ከቀደመን የሰባቱ ገመና አደባባይ ወጣ ማለት ነው።»

«በል ደምስሰው፣ ወንድሜ» አለች በመጨረሻ። «የኔን ባል ላድን ብዬ የሰው ትዳር አላፈርስም።»

ትእዛዙን ሰጠ። ስልኩ ግን ተዘግቷል፤ የሚደመሰሰው ሌባው ሲከፍተው ነው። እሷ ወደ በሽተኞቿ ወጣች፣ እሱ ከኮምፒውተሩ ማያ ጋር ቀረ። ትእዛዙን መሰረዣዋ ቁልፍ እዚያው አጠገብ ነበረች። እጁ ሁለት ጊዜ ሄዶ ተመለሰ። ምሳ ሰዓት አለፈ።

ወደ አሥር ሰዓት ግድም «ተፈጽሟል» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

ሊደውልላት ስልኩን አነሣና፣ በየትኛው ስልኳ? ብሎ መልሶ አስቀመጠው። ደረጃውን አንድ በአንድ ወጣ። ነርሷ የአንዲት ሴት ክንድ ይዛ መርፌ ልትወጋ ጎንበስ ብላለች። ከበሩ ላይ አየችው፤ ፊቱን አይታ ወደ ሴትዮዋ ተመለሰች።

«አይዞሽ የኔ እመቤት» አለቻት ሴትዮዋን፣ «ቆንጠጥ አድርጎ ይተውሻል።»

እስክትጨርስ ድረስ ቆሞ ጠበቃት።