ጠበል ይዤ ወደ ዮጋ

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ፣ ከቤት

ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ገና አልነጋም። በሩን ቆለፍኩ፤ ሦስት እርምጃ ሄጄ ተመለስኩና መቆለፉን አየሁ፤ እንደገና ሄድኩ። ልጄ ትዕግሥት የግቢውን በር ይዛ ትጠብቀኛለች።

"እማ፣ የምንሄደው ምን አለሽ ተራ ነው። ክፍለ ሀገር አይደለም" አለችኝ።

ለእኔ ጃንጥላ ይዤ የምወጣበት መንገድ ሁሉ ጉዞ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ መታወቂያ፣ ሁለት ዳቦ፣ ትርፍ ካልሲና የራስ ምታት ኪኒን አለ። ከሁሉም ሥር፣ በጨርቅ የጠቀለልኩት፣ ለትዕግሥት ያልነገርኳት አንድ ትንሽ የውሃ ጠርሙስ አለ። ጠበል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትዕግሥት ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አንዋር መስጊድ አጠገብ ባለ የጨርቅ ሱቅ ተቀጥራ ትሠራለች። በየማለዳው ዮጋ መሄድ ከጀመረች ዓመት ሊሞላት ነው። ስፖርት መስሎኝ ዝም ብዬ ነበር። በኋላ ግን ሥጋ ተወች። ሃምሳ አምስት ቀን ጾመን፣ በፋሲካ ጠዋት የዶሮ ወጤን ሳቀርብላት "እማ፣ ነፍስ ያለው ነገር አልበላም" አለችኝ። ብዙም ሳይቆይ የሱቁ ባለቤት ጋሼ ከድር ደወሉልኝ። "ልጅሽን ምን ነካት? ለደንበኛ 'ይሄ ጨርቅ ሲታጠብ ቀለሙ ይለቃል' እያለች ትናገራለች። ምን በድያት ነው?"

ስጠይቃት፣ ዮጋ ሰውነት ማጣጠፍ ብቻ አይደለም፣ የአኗኗር መንገድ ነው፣ አለመዋሸትም ከዚያው ነው፣ ራስን ለእግዚአብሔር መስጠት ነው አለችኝ።

የትኛው እግዚአብሔር? ይህቺ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳችኝ። ለንስሐ አባታችን ልናገር ነው ስላት አለቀሰች። "መጀመሪያ መጥተሽ እዪ። አይተሽ ከሃይማኖቴ የሚያወጣኝ ነው ካልሽ፣ በዚያው ቀን እተወዋለሁ" አለች። ስለዚህ ዛሬ የምሄደው ልፈርድ ነው። ፍርድ ደግሞ ይከብደኛል። ሽንኩርት ስገዛ እንኳ ሦስት ቦታ ሳልጠይቅ አልመርጥም።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ

ድልድዩ ጋ ሚኒባሶች ተደርድረዋል። ጎመን የጫነ ጋሪ፣ ሳልባጅ በጆንያ የተሸከሙ ሴቶች፣ ብርድ ያኮማተራቸው ኩሊዎች። በአንዱ ገብተን ሾፌሩ አጠገብ ተቀመጥን። ነጭ ነጠላዬንና የተቋጠረ ፊቴን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ነፍስ ይማር፣ ማዘር። የቅርብ ሰው ነው?"

"ለቅሶ አይደለም። ዮጋ ልናይ ነው" አለችው ትዕግሥት።

ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ። "እግር አንገት ላይ የሚሰቀልበት?"

"እንደዚያም አለ።"

"እኔ እኮ እዚህ ወንበር ላይ ተጣጥፌ ስውል ሃያ ዓመቴ ነው። ማንም አስተማሪ ብሎኝ አያውቅም" አለ። ከኋላ ያሉት ሳቁ። እኔ እግር አንገት ላይ የተሰቀለበትን እያሰብኩ ስለነበር አልሳቅኩም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ አንዋር

ከሱብሂ ሶላት የወጣው ሰው መንገዱን ሞልቶታል። ሱቆቹ አልተከፈቱም፤ የበርበሬና የኮረሪማ ሽታ ግን በተዘጋው በር ሥር ይወጣል። ቅመም የሚሸጡ ጠይም ትልቅ ሴትዮ ትዕግሥትን አቅፈው ሳሙ። እትዬ ዘሃራ ይባላሉ። ብብታቸው ሥር የተጠቀለለ ምንጣፍ አለ።

"ከመስጊድ ነው የሚመጡት?" አልኳቸው።

"አዎ። አሁን ደግሞ ወደ ዮጋ ነው።"

"እርስዎም?"

"ሶላቴን ሰግጄ ነው የምሄደው። ቀልቤን ይሰበስብልኛል።" ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "አንቺ ልጅሽን ልትጠብቂ መጥተሽ ነው። የእኔም ልጅ እናቴን ምን አደረጓት ብሎ ተከትሎኝ መጥቶ ነበር።"

"ምን አየ?"

"እንቅልፍ ወሰደው።"

እኔ እንደማልተኛ ለራሴ ቃል ገባሁ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ፣ ምን አለሽ ተራ

ተጥሎ እዚህ የማይመጣ ነገር የለም፤ ከዚህ የሚጣል ነገር ግን የለም። የዘይት ቆርቆሮ፣ የተቀደደ በርሜል፣ የመኪና ጎማ፣ ክዳን የሚጠብቁ ምድጃዎች። ከአንድ ምድጃ ሠሪ ሱቅ በላይ፣ ጠባብ የብረት ደረጃ ወጥተን አንድ ክፍል ገባን። ደረጃውን የሠራው ምድጃ ሠሪው ራሱ ነው፤ ዮጋ አስተማሪውም እሱ ነው። ጋሽ ደምሴ ይሉታል። ከስልሳ ያለፈ፣ ጣቶቹ የተጠባበሱ፣ ጀርባው ግን እንደ ቧንቧ ቀጥ ያለ ሰው ነው።

በር ላይ ጫማ ይወለቃል። ይህን ወደድኩት። ከዚያ ግድግዳውን ፈተሽኩ። አንድ የቀን መቁጠሪያ፣ አንድ ሰዓት። የቀን መቁጠሪያውን ገለጥ አድርጌ ከጀርባው ምስል ቢኖር አየሁ። ሚስማር ነው።

"የጠፋ ነገር አለ፣ እህቴ?" አለኝ ጋሽ ደምሴ።

አፈርኩ፤ ግን ለዚህ ነው የመጣሁት። "እዚህ የሚሰገድለት ማን ነው?"

አልተቆጣም። ልጅ ሆኖ በወላጆቹ ግቢ ተከራይተው የነበሩ የሕንድ የሒሳብ መምህር እንዳስተማሩት ነገረኝ። "እሳቸው በእሳቸው አምላክ ስም ይጀምሩ ነበር። እኔ አባታችን ሆይ ብዬ እጀምራለሁ። ዘሃራ የራሷን ትላለች። እኔ የማስተምረው ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። ለመርካቶ ሰው ከዚህ የከበደ ትምህርት የለም።"

ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። ዘጠኝ ሰዎች ናቸው። እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ፣ ጎነበሱ። ከዚያ "ድመት" አለ፤ ሁሉም በአራት እግር ሆነው ጀርባቸውን አሳበጡ። ሰው እንድትሆንልኝ ስንት የደከምኩባት ልጅ ድመት ሆነች። ቀጥሎ ዝምታ ሆነ። ዓይኔን ጨፈንኩ፤ በሩን ቆልፌ ይሆን ብዬ መልሼ ገለጥኩ።

መጨረሻ ላይ በጀርባቸው ተኙ። ብርድ ስለሆነ ሁሉም ነጠላና ጋቢ ለበሱ። ትዕግሥት ነጠላዋን እስከ ፀጉሯ ድረስ ሳበችው። አትንቀሳቀስም። ትንፋሿ ነጠላውን ከፍ ያደርገው እንደሆነ አየሁ፤ ምንም የለም። ሰው ፊቱ ተሸፍኖ፣ ቀጥ ብሎ ሲተኛ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አባቷን ስንገንዝ። እጄ ቦርሳዬ ውስጥ ገባ። ጠርሙሱን ከፈትኩ። ነጠላውን ገልጬ ጠበሉን ፊቷ ላይ ረጨሁት።

ትዕግሥት ዘላ ተቀመጠች። "በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ" አለች፤ እጇ ከአፏ ቀድሞ አማተበ። ፍንጣቂው የደረሳቸው እትዬ ዘሃራ "ቢስሚላሂ" ብለው ተነሱ።

ጋሽ ደምሴ ዓይኑን አልገለጠም። "ጣሪያዬ ነው ያፈሰሰው?"

"ጠበል ነው" አልኩ።

"እንግዲያው ለወገቤም ጨመር አድርጊልኝ።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ልጄን ነው የማየው። እኔ ያልደረስኩበት ጥልቅ ቦታ ውስጥ ነበረች፤ ከዚያ ስትወጣ ያማተበችው አስባበት አልነበረም። ከታች የመጀመሪያው መዶሻ በርሜል ላይ አረፈ። መዶሻ ከተሰማ ትምህርቱ ያበቃል፤ ደንባቸው ነው።

አንድ ሰዓት ተኩል፣ ወደ ቤት

ሱቅ እስኪከፈት ትሸኘኝ ዘንድ አብራኝ ተመለሰች። ፀጉሯ አልደረቀም። በመንገድ ዳቦ ሰጠኋት፣ በላች። ፍርዴን ልነግራት እችል ነበር፤ ግን ትንሽ ላስጨንቃት ፈለግሁ። ዓመቱን ሙሉ ያስጨነቀችኝ እሷ ናት።

በሩ ተቆልፏል። ቁልፉን ስፈልግ አላስቻላትም።

"እማ። ምን አልሽ ታዲያ?"

"ነጠላው ፊትሽን አይሸፍን። ደረትሽ ላይ ይብቃው።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የታየኝ የለም።"

አንገቴን አቀፈችኝና ቆመች፤ ለሥራ እንደሚረፍድባት ነገርኳት። ከሄደች በኋላ ባዶውን ጠርሙስ አጥቤ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንድሞላው፣ በር አጠገብ አስቀመጥኩት። ስንወጣ ለጋሽ ደምሴ ወገብ ቃል ገብቻለሁ።