ቀዳዳው የበዛ የሱፍ ቆብ

በሱዳኗ ገዳሪፍ፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት የሱፍ ክር የሚፈልግ ሰው ጤናው ያጠራጥራል። ባለሱቁ ለምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ "ለአባቴ ጣጊያ ልሠራለት ነው" አልኩት። ጣጊያ የሱዳን ወንዶች ከጥምጥማቸው ሥር የሚያደርጉት ስስ ቆብ ነው፤ ከጥጥ ክር እንጂ ከሱፍ ሲሠራ ማንም አላየም። ሳቀብኝ። እኔም ተናድጄ ሰልባጅ ተራ ሄድኩና አንድ ወፍራም ቡናማ ሹራብ ገዝቼ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ ተረተርኩት።

አባቴ በወጣትነቱ ከብርዳማው ደባርቅ ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ በዚያው የቀረ ሰው ነው። እኔ የተወለድኩት እዚሁ ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ዕድሜው ሲገፋ አገሩን አንድ ጊዜ አይቶ ሊመለስ ተነሣ። "ከሰኔ በፊት እመጣለሁ" አለኝ። ባይመለስስ የሚለው ሐሳብ ሆዴን ይበላኝ ጀመር። እጄ የሠራው ነገር ራሱ ላይ ከዋለ አይረሳኝም ብዬ ነው ቆቡን የጀመርኩት።

አባቴ የሚፈልገው የገዛ አባቱ ያደርገው የነበረውን ዓይነት የሱፍ ቆብ ነው፤ ከግንባር ጠበብ፣ ከአናት ሰፋ ብሎ ወደ አንድ ጆሮ ጋደል የሚል። ጎረቤታችን ለነበረችው የመተማ ሴት "ለአባቴ ቆብ እየሠራሁለት ነው" ብላት ደንግጣ "ምነው፣ ሊመነኩስ ነው እንዴ?" አለችኝ። አማርኛዬ እንዲህ ነበር፤ የምናገረውን ከሌላ ሰው ፊት ላይ ነው የማውቀው።

ኪሮሽ ያስተማረችኝ አንዲት ሱዳናዊት ጎረቤት ናት። ልጅ ሳለሁ አልጋዋ ጫፍ ላይ አስቀምጣኝ ለእጮኛዋ የምትሠራውን ጣጊያ ታሳየኝ ነበር። ሦስት መሥራት፣ አንድ መዝለል፤ ሦስት መሥራት፣ አንድ መዝለል። እሷ ዘንድ ጥሩ ቆብ ማለት ቀዳዳው የበዛ ነው። ያን አልጋና የእሷን ሳቅ ዛሬም እናፍቃለሁ። ሱፉንም እንዳስተማረችኝ ሠራሁት። ክሩ ላብ በላብ ከሆነው እጄ ላይ እየተጣበቀ አስመረረኝ እንጂ አላቆምኩም።

አባቴ ተቀብሎ ወደ መስኮቱ አነሣው። ብርሃኑ በቀዳዳዎቹ አልፎ ፊቱ ላይ ተበተነ።

"ልጄ፣ ይኼ ሁሉ ቀዳዳ ለምኑ ነው?"

"ሀዋ እንዲያስገባልህ ነዋ።" ነፋስ ማለቴ ነው።

እንባው እስኪመጣ ሳቀ። "አንቺ ልጅ፣ እኛ አገር እኮ ቆብ የሚደረገው ነፋሱን ሽሽት ነው።"

አፈርኩ። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይላሉ፤ የማያውቁት ብርድም አይበርድም። ተቀብዬው ልተረትረው ስል ከእጄ ነጠቀኝ። "ኻላስ፣ በቃ ተይው። እንዲህ ነው የምፈልገው" አለና ደፋው። በዚያ ሙቀት ላቡ እየወረደ፣ ሹመት ያገኘ ሰው መስሎ ግቢውን ዞረው።

በማግሥቱ በገላባት በኩል ሄደ። ስደውል "ቆብሽ እያለ ምን ብርድ አለ?" ይለኛል፤ እኔም ኮራሁ። ሰኔ ደረሰ። "ዝናቡ ይለፍ" አለኝ። ዝናቡም አለፈ፤ "እህሉ ይግባ" አለኝ።

አንድ ቀን ስልኩን ደባርቅ ያለው አጎቴ አነሣው። "አባትሽ ያንን ወንፊት አላወልቅም ብሎ አስቸገረን" አለኝ። "ሌላ ቆብ ብንሰጠው እንቢ አለ። ከሥሩ ሻሽ እየጠመጠምንለት ነው።" ወይኔ አባቴ፣ ይኼን ሁሉ ጊዜ እየበረደው ነው የሚዋሸኝ።

አባቴን አቅርብልኝ አልኩት። "አባዬ፣ ሌላ እሠራልሃለሁ፤ ድፍኑን። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ፈልጌ እልክልሃለሁ።"

"አትላኪው፣ ልጄ" አለኝ። "ራስሽ ይዘሽው ነይ።"

እመጣለሁ ሲለኝ የከረመ ሰው ነይ አለኝ። "እሺ አባዬ" አልኩት። ስልኩን ዘግቼ፣ ሲሄድ ግድግዳው ላይ ሰቅሎት የተወውን ረጅም ቀሚሱን፣ ጀለቢያውን፣ አወረድኩና እያለቀስኩ አጠፍኩት። ይመጣል ብዬ እስከዚያ ቀን አልነካሁትም ነበር።