በራሷ ጎማ የወጣችው ሰይቼንቶ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ሜልበርን፣ ማሪቢርኖንግ የሚባለው ሰፈር፣ የገበያ ማዕከሉ መኪና ማቆሚያ ውስጥ አንድ አሮጌ መኪና በአጠገቤ አለፈ። ምን ዓይነት እንደሆነ እንኳ ልብ አላልኩም። የተፋው ያልነደደ ቤንዚን ሽታ ግን አፍንጫዬ ገብቶ እግሬን ያዘው። የገዛሁትን ዕቃ ታቅፌ እዚያው ቆምኩ። ልጄ፣ «ማም፣ አር ዩ ኦኬ?» አለኝ። ደህና ነኝ አልኩት። ለእሱ መጥፎ ሽታ ነው፤ ለእኔ ግን የአባቴ እጅ ሽታ ነው። ቤት ከገባሁ በኋላም አልለቀቀኝም፤ እና እስቲ ላጫውታችሁ።

ያኔ ብሬብሩክ በኪራይ ቤት ነበር የምንኖረው። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ልጨርስ ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ዳንደኖንግ ያለ ፋብሪካ ይሠራል፤ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ ሺፍቱን ጨርሶ ያንኑ መንገድ ይመለሳል። ዝምተኛ ሰው ነበር። ዝምታው ተፈጥሮው ይመስለኝ ነበር። እንግሊዝኛ በመጣ ቁጥር ወደ እኔ ይዞራል። ባንክ ቢሉ፣ ሐኪም ቤት ቢሉ፣ የአከራዩ ቢሮ ቢሉ አፉ እኔ ነኝ። ከልጅነቴ የጀመርኩት ሥራ ነው። ሰልችቶኛል እያልኩ አማርራለሁ እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር እኮራበትም ነበር።

ከአጥሩ ማዶ አንድ ጣሊያናዊ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ሲኞር ነው የምንላቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሜልበርን ኖረው እንግሊዝኛቸው ከአባቴ ብዙም አይሻልም። ስለዚህ ጉርብትናው በእጅ ብቻ ነበር። እሳቸው በአጥሩ ላይ ቲማቲም ያቀብላሉ፤ አባቴ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ይላል፤ በቃ። እንዲህ ሆነው ዓመታት ኖሩ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አባቴ የቆሻሻ ቢኑን ከመንገድ ወደ ግቢ እየጎተተ ሳለ የሲኞር ጋራዥ ተከፈተ። ያ በር ሲከፈት አይተን አናውቅም። ሴት ልጃቸው ዕቃ ልታወጣ መጥታ ነው፤ ቤቱ ሊሸጥ፣ ሲኞርም እሷ ዘንድ ሊገቡ ነው። ውስጥ፣ በካርቶንና በባዶ ጠርሙስ ተከብባ፣ እስከ ወገቧ ሸራ የለበሰች ትንሽ መኪና ቆማለች። ሰይቼንቶ። ያቺ እንቁላል የምትመስለው የድሮ የአዲስ አበባ ታክሲ። አባቴ አገር ቤት ታክሲ ሲነዳ የሚያድርባት፣ የሚበላባት መኪና እሷ ነበረች። እኔ ከአገር ስወጣ ሕፃን ስለነበርኩ ከፎቶ በቀር አላውቃትም።

ቢኑን መሀል መንገድ ላይ ትቶት ገባ። «አባዬ፣ የሰው ቤት እኮ ነው» እያልኩ ተከተልኩት። የት ሰምቶኝ። ዞሮ ከኋላዋ በርከክ አለና ኮፋኖውን ከፈተ፤ የሰይቼንቶ ሞተር ከኋላ ነው። ጎንበስ ብሎ አየና «ካንዴላዎቹ አሉ» አለ ለራሱ።

ከኋላችን ሲኞር፣ «ካንዴላ?» አሉ።

አባቴ ቀና ብሎ አያቸው። በጣቱ እያሳየ «ካንዴላ» አለ። ቀጠለና «ፍሬን» አለ፣ «ፍሪሲዮን» አለ። ሲኞር ቀረብ ብለው እሳቸውም እየነኩ ይጠሩ ጀመር። የአዲስ አበባ የጋራዥ ቋንቋ ግማሹ ከጣሊያን የተወረሰ መሆኑን እኔ ከየት አውቄ። ለመጀመሪያ ጊዜ አባቴ ከፈረንጅ ጋር ሲያወራ ወደ እኔ አልዞረም። ደስ አለኝ፤ ትንሽም ከፋኝ።

ነገሩን ያስረዳችኝ ልጃቸው ናት። ገዢው ቤቱን የሚረከብበት ቀን ተቆርጧል። ከዚያ በፊት ባለው ቅዳሜ ጎታች መኪና ቡክ ተደርጓል፤ ሰይቼንቶዋን ለቁርጥራጭ ብረት ይወስዳታል። አባቷ ግን እንቅልፍ አጥተዋል። «ሚስቴን አጠገቤ አስቀምጬ እየነዳሁ ያስገባኋት መኪና በሰንሰለት ተጎትታ ስትወጣ አላይም» ይላሉ አለችኝ። ለአባቴ ነገርኩት። «በራሷ ጎማ ትወጣለች በያት» አለኝ።

«አባዬ፣ ስንት ዓመት የቆመች መኪና ናት።»

«በያት ብዬሻለሁ።»

አልኳት። ሳቀች። «ከተነሳች የእናንተ ትሁን» አለች። ሲኞር ግን አልሳቁም፤ እጃቸውን ዘረጉለት፤ አባቴም ጨበጣቸው። ለእሱ ያ ጭበጣ ቀልድ አይደለም። ካልተነሳች እኚህን ሰው ዓይናቸውን ማየት ያፍራል፤ እኔ አውቀዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ከሥራ ሲመለስ እኛ ቤት መግባት ቀረ። በቀጥታ ጋራዥ። ታንኩ ውስጥ የቆየው ቤንዚን እንደ ሙጫ ረግቷል፤ አውርደው አጠቡት። ወንበሩ ሥር አይጥ ጎጆ ሠርታ ነበር። ፍሬኑ ተጣብቆ ጎማዎቹ አንዞርም ብለው በመዶሻ፣ በዘይት፣ በልመና ተላቀቁ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በጋራዡ በር አግድም ስትገባ ሁለቱም እጃቸው እስከ ክርናቸው ጠቁሮ፣ ካቻቢቴና ፒንሳ እየተቀባበሉ አያቸዋለሁ። ለእኔ የቀረልኝ ሥራ ስልክ እየደወልኩ ዕቃ መፈለግና ላልተመዘገበ መኪና የሚሰጠውን ፐርሚት ማውጣት ነበር።

እናቴ በአጥሩ ላይ ምሳ እያቀበለች ትተርባቸዋለች። «የራሳችን መኪና ዘይት ይቀየርልኝ ብላ ታለቅሳለች፤ እሱ የሰው ቆርቆሮ ያስታምማል።» ሲኞር ሽሮውን በዳቦ እየጠረጉ ይበላሉ። ምን እንዳለች ባይገባቸውም ይስቃሉ።

ዐርብ ዕለት ተነሳች። አስላ፣ አስነጥሳ፣ ጋራዡን በሰማያዊ ጭስ ሞልታው ተነሳች። አባቴ ሲኞርን ጉንጫቸውን ሳማቸው። ከዚያ አጥፍቷት በኩራት ሊታጠብ ገባ።

ቅዳሜ ጠዋት ጎታቹ ከነሰንሰለቱ ደጃፉ ላይ ቆመ። የሲኞር ልጅም መጥታለች። አባቴ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ይዞራል፣ አይነሳም። ደገመ። ያው ነው። የአባቴ ፊት አመድ ሆነ። ጎታቹ፣ አንድ ጎረምሳ አውስትራሊያዊ፣ «ኖ ረሽ፣ ሜት»፣ አትቸኩል እንደማለት፣ እያለ ሰዓቱን ያያል። ሲኞር ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያካፍለውን ክዳን ከፍተው አዩ። ውስጡ ውሃ።

«ውሃ ከየት መጣ?» አለ አባቴ። «ዝናብ የለ፣ ምን የለ።»

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። «ውሃ አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «ጠበል ነው።»

ለካ ማለዳ ማንም ሳያያት ከቤተ ክርስቲያን ያመጣችውን ጠበል በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛ ገብታለች። አገር ቤት አዲስ መኪና ሲገዛ የሚደረገው ነው። ኮፋኖውንና መስታወቱን ረጨት አድርጋ ብትተወው ምን ነበረበት፤ እሷ ግን «ዋናው ሞተሩ አይደል?» ብላ የቀረውን በሙሉ እዚያ ላይ ደፍታዋለች። አባቴ ራሱን ያዘ። መቆጣት አይችል፤ ጠበል ነው። እኔ ለልጅቷ፣ ልጅቷ ለአባቷ ተረጎምን። ሲኞር አማተቡ፤ በእነሱ በካቶሊኮቹ ወግ፣ በመላ መዳፋቸው። ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው እስኪያስላቸው ሳቁ።

የፀጉር ማድረቂያዬን ይዤ መጣሁ። ከወጥ ቤታችን የኤሌክትሪክ ገመድ ቀጥለን በአጥሩ ላይ አሳልፈን፣ እናቴ ራሷ ክዳኑን ይዛ አደረቀችው። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ እየጸለየች ነው። አባቴ ገጠመውና ለመንዳት ገባ፤ በችኮላ የድሮ ልማዱ ወስዶት በግራ በር ገብቶ ቁጭ አለ። አገር ቤት መሪዋ በግራ ነበር። የዚህችኛዋ ግን በቀኝ ነው፤ ፊቱ ምንም የለም።

ሊወርድ ሲል ሲኞር በእጃቸው ከለከሉት። ዞረው በቀኝ ገብተው መሪውን ያዙ። መንጃ ፈቃዳቸው ካለቀ ቆይቷል፤ ግን እስከ በሩ ድረስ ግቢው የራሳቸው ነው። ቁልፉን አዞሩ። ተነሳች። ቀስ ብለው፣ በጣም ቀስ ብለው፣ ከጋራዡ አወጧት። ልጃቸው እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች። በሩ ጋ ሲደርሱ አቆሙና ወረዱ፤ ከአባቴ ጋር ቦታ ተቀያየሩ። ሚስታቸው ይቀመጡበት በነበረው ወንበር ላይ ጫፉን ይዘው ተቀመጡ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ደገፍ አሉ። እኔ ከኋላ ገባሁ።

ከእሳቸው በር እስከ እኛ በር ጥቂት እርምጃ ነው። አባቴ ግን በተቃራኒው ዞረ። በዋናው መንገድ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ ሞተሩ ከጀርባዬ እየተንጫጫ ነዳ። አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ሰው ቆሞ ነበር። አባቴ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ክርኑን መስኮቱ ላይ አወጣ፣ «ፒያሳ! ፒያሳ! አራት ኪሎ፣ ፒያሳ!» ብሎ ተጣራ።

ሰዎቹ ዞረው አዩት። ሲኞርም በእሳቸው በኩል አንገታቸውን አውጥተው «ፒያሳ!» አሉ።

አባቴ ወፍራም፣ የሚያምር ድምፅ ነበረው። መንገዱን ሙሉ ይሰማል። ዕድሜዬን ሙሉ አብሬው ኖሬ ያን ድምፅ አንድም ቀን አልሰማሁትም ነበር። ከኋላ ሆኜ አለቀስኩ። እነሱ አላዩኝም፤ ሁለቱም መንገደኛ እየጠሩ ነበር።