ባዶ እጃችሁን ኑ

በእኛ ማኅበር ወደ ተረኛዋ ቤት የምትመጣ ሴት ምንም ይዛ አትመጣም። ዳቦ አትይዝም፣ ለስላሳ አትይዝም፣ አንዲት ሎሚ እንኳ አትይዝም። ባለፈው ወር የእመቤታችንን ጽዋ የተቀበለችው ሴት በዚህ ወር ታበላለች፣ ታጠጣለች። ሌሎቻችን በልተን፣ ጠጥተን፣ መርቀን እንሄዳለን። ምክንያቱን ማንም አስረድቶን አያውቅም፤ ማስረዳትም አያስፈልገውም ነበር። ወደ ተረኛ ቤት ምግብ ተሸፍኖ ከገባ፣ ይህ ቤት ባዶ ነው ማለት ነው። አገር ቤት ያደገች ሴት ሁሉ ይህን ታውቃለች። አንዳንዶቹ ሚኒሶታ ከገቡ በኋላ ረሱት፣ ወይም የረሱ መሰሉ።

ይህን የምጽፈው ስለ እኔ ብዙ ስለተወራ ነው። ያወሩት ሴቶች ዛሬም ቤተ ክርስቲያን ከፊቴ ይቆማሉ። ስማቸውን አልጠራም፤ ራሳቸውን ያውቃሉ።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ መጀመሪያ ዓመታት ላይ ነው። ኮሎምቢያ ሃይትስ ውስጥ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ጠባብ በረንዳ ባለው አፓርትመንት ብቻዬን እኖር ነበር። ባሌ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጄ አግብታ ሌላ ስቴት ሄዳለች። እኔ የአረጋውያን መጦሪያ በሆነ አንድ ነርሲንግ ሆም ላውንድሪ ውስጥ አንሶላ አጥባለሁ፣ አጥፋለሁ። ሥራዬን አላፍርበትም ነበር። ያጠፍኩት አንሶላ ጠርዙ ከጠርዙ ጋር ካልገጠመ እንደገና እዘረጋዋለሁ።

ጽዋውን የተቀበልኩት በአስተርእዮ ማርያም ነው። በጥልፍ ጨርቅ ሸፍኜ፣ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ቤቴ አመጣሁትና ፍሪጁ አናት ላይ አኖርኩት። ሳምንት ሳይሞላ ነርሲንግ ሆሙ ላውንድሪውን ዘጋ፤ አንሶላው ከዚያ ወዲያ ውጭ ሊታጠብ ነው ተባልን። በዚያው ሰሞን የመኪናዬ ትራንስሚሽን ሞተ። ለማንም አልተናገርኩም። ለልጄም አልነገርኳት፤ ብነግራት በስልክ ታለቅስብኛለች እንጂ ሌላ ምን ታደርጋለች?

ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ጠዋት ጠዋት በባስ እየሄድኩ ሆቴሉንም ሆስፒታሉንም ሥራ ጠየቅሁ። እንደውላለን ይሉኛል፣ አይደውሉም። ማታ ስመለስ ጽዋው ፊት ቆሜ አባታችን ሆይ እላለሁ። እዚያ ጸሎት ውስጥ የምንለምነው የዕለት እንጀራ ነው፤ የዓመት አላልንም። እኔ በዚህ ነው የኖርኩት። ሱዳን ውስጥ ከዚህ የከፋ ቀን አይቻለሁ፤ እሱን እዚህ አልጽፈውም። ያኔ ያበላኝ አምላክ ሚኒሶታ ሲደርስ አድራሻዬ አይጠፋውም ብዬ ነበር የማስበው። ደግሞም ለራሴ አልነበረም የምለምነው። እኔ ሻይና ዳቦ ይበቃኛል። የምለምነው ተራዬን ነበር፤ ማኅበሩ በሬ ላይ ሲደርስ ጠረጴዛዬ ሙሉ እንዲሆን።

ሥራዬን ካጣሁ በሦስተኛው ሳምንት የማኅበሩ ሙሴ ደወለች። ሙሴ የምንለው የማኅበሩን መሪ ነው። እሷ ያኔ ኩን ራፒድስ አዲስ ቤት ገዝታ ነበር፤ ጋራዡን ሳታሳይ የምትሸኘው እንግዳ አልነበረም።

"እህቴ፣ ሰማን እኮ! ለምን አልነገርሽንም?" አለችኝ።

"ምኑን?"

"ሌይኦፍ እንዳደረጉሽ ነዋ። የባሌ ዘመድ እዚያ አይደል እንዴ የሚሠራው።"

"ነግሬሽ ምን ልታደርጊልኝ?"

"አየሽ አመልሽን! ተነጋግረናል፤ ተራሽን ስኪፕ እናድርገው። ጽዋውን መጥቼ ልውሰድና እኔ ላውጣው። ሲመችሽ ታወጪያለሽ።"

"ጽዋው ቤቱን ለምዷል። የትም አይሄድም።"

"በምን ልታወጪው ነው?"

"እግዚአብሔር ይሰጣል።"

"መስጠቱንማ ይሰጣል። ግን ይሄ አሜሪካ ነው፣ የኔ እመቤት። በእምነት ሬንት አይከፈልም።"

ይህን ስትል ከበስተኋላዋ ሳቅ ሰማሁ። አንዲቷ "አሜን በያት!" ስትል፣ ሌላዋ ደግሞ ሳቋን ለማፈን ስትሳል። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋው ኖሯል። ቤቷ ተሰብስበው ችግሬን ሲያዳምጡ ነበር። ሥራዬን በማጣቴ አልተዋረድኩም፣ በመኪናዬ መሞት አልተዋረድኩም፤ በዚያ ሳቅ ግን ተዋረድኩ።

"የተሰበሰባችሁትም ስሙኝ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እጠብቃችኋለሁ። ባዶ እጃችሁን ኑ" ብዬ ዘጋሁት።

ከዘጋሁ በኋላ ተቀምጬ ጓዳዬን አሰብኩት። አንድ ጠርሙስ ዘይት፣ ግማሽ ከረጢት ሽሮ፣ ጥቂት ሽንኩርት። ሁዳዴ መግባቱ ጥሩ ነበር፤ ሥጋ የሚጠብቅ የለም። ጌሾና ብቅል ካለፈው ተርፎኛል፤ በማግስቱ ጠላዬን ጠነሰስኩ። የቀረውን በምን እንደምገዛው አላውቅም ነበር። የጸለይኩት ረጅም ጸሎት አልነበረም። "እናቴ፣ ማኅበሩ ያንቺ ነው። እንዳይስቁብሽ እንጂ እንዳይስቁብኝ አላልኩሽም" አልኳት። አሁን ሳስበው ውሸቴን ነው፤ እንዳይስቁብኝም ፈልጌ ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ በረዶው ጀመረ። ያን የመሰለ በረዶ የሚያውቁት ያውቁታል፤ መኪና ከመኪና የማይለይበት ነው። በማግስቱ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ፊት ለፊት የምትኖረው ጎረቤቴ ናት፤ እስላም ናት፣ ኦሮሞ ናት፣ ባሏ የሕንጻው ጠባቂና ጠጋኝ ነው። እኔን በቋንቋዋ አክብራ "አዴ" ትለኛለች።

"አዴ፣ ባለቤቴ ትናንት በረዶው አንሸራትቶት ወደቀ። እጁ ተሰብሯል፤ በጀሶ ነው" አለች።

"እግዚአብሔር ይማረው። ምን ልርዳ?"

አፏን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች። "አፍራለሁ ስነግርሽ። ማኔጀሩ በረዶ የሚያነሳ ሰው ፈልጉ ብሏል። ይከፍላል። እኔ እንዳላነሳ ትንሿን ማን ይይዝልኛል? አንቺ የምታውቂው ጎበዝ ልጅ ካለ..."

"አካፋው የት ነው ያለው?"

"አዴ፣ አንቺ አይደለም እኮ ያልኩት! ልጅ ነው ያልኩት።"

"የማውቀው ልጅ የለም። አካፋውን አምጪው።"

ስትስቅ ዓይኗ እንባ አቀረረ። የባሏን ቦት ጫማ ሰጠችኝ፤ በሁለት ካልሲ ሞላሁት። የሕንጻውን ደጃፍ፣ ደረጃውን፣ የመኪና ማቆሚያውን ዙሪያ ጠረግሁ፤ ጨው በተንኩ። ወገቤ ተቆረጠ። ጠርጌ ስጨርስ እንደገና ይጥላል፤ ገብቼ ሻይ ጠጥቼ እንደገና እወጣለሁ። ሬዲዮው ላይ ሰው ሁሉ በረዶውን ይረግማል። እኔ ሲጥል በመስኮት እያየሁ ተመስገን እላለሁ። ከመንገዱ ማዶ በዎከር ተደግፈው የሚሄዱ አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ ነበሩ፤ ከበራቸው ሆነው በእጃቸው ጠሩኝ። ለእሳቸውም ጠረግሁ። ጎረቤታቸው የሆኑ ሴትዮም ጠሩኝ።

በረዶ መና ነው አልልም። መና አካፋ አይፈልግም። ነገር ግን እግዚአብሔር ጠባዬን ያውቃል። አስቤዛ በከረጢት አድርጎ በሬ ላይ ቢያስቀምጥልኝ ኖሮ የማን እንደሆነ ጠይቄ እመልሰው ነበር። ስለዚህ በማልመልሰው መንገድ ላከው። በአካፋ።

የጠረግሁበት ተከፍሎኝ፣ ቅዳሜ ዕለት ጎረቤቴ በመኪናዋ ገበያ ወሰደችኝ። ምስር ገዛሁ፣ ጎመን ገዛሁ፣ ድንች፣ ካሮት፣ ባቄላና ሰናፍጭ። ለስልጆ ቀኑ አጥሮ ነበር፤ ግን ማሞቂያው አጠገብ አስቀምጬ ብዙም ሳይኮመጥጥ ደረሰልኝ። ዳቦውን በፎይል ጠቅልዬ ኦቨን ውስጥ ጋገርኩ። እንጀራውን ከሱቅ በፓኬት ወሰድኩ። ጎረቤቴ ሽንኩርት እየላጠች፣ "ስንት ሰው ነው የሚመጣው?" አለችኝ።

"የሚመጣው ሁሉ" አልኳት።

እሑድ መጡ። ደረጃውን ሲወጡ ድምፃቸው ቀደማቸው። በሩን ስከፍት ከፊት ሙሴዋ ናት፤ በሁለት እጇ በፎይል የተሸፈነ ትልቅ የአሉሚኒየም ትሪ ይዛለች። ከኋላዋ ያለችውም ይዛለች። የመጨረሻዋም ይዛለች። ተነጋግረው ነው የመጡት። ቄሱ ብቻ ባዶ እጃቸውን ነበሩ፤ መስቀላቸውን ይዘው ከኋላ ቆመዋል።

"ትንሽ ነገር ነው፤ ቅር እንዳይልሽ" አለች ሙሴዋ።

"ለምን ቅር ይለኛል? እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብዬ ትሪውን በሁለት እጄ ተቀበልኳት። የሁለተኛዋንም ተቀበልኩ። አንድ በአንድ እየተቀበልኩ የበረንዳውን በር በክርኔ ከፈትኩና በረዶው ላይ ደረደርኳቸው።

"ውይ! ትኩስ እኮ ነው፣ ኦቨን ውስጥ አድርጊው!" አለች አንዷ።

"ኦቨኔ ዳቦ ይዟል።"

"እሺ ጠረጴዛው ላይ..."

"ጠረጴዛዬ ሙሉ ነው።"

ያኔ ዘወር ብለው አዩት።  ጠላው በማሰሮ፣ ስልጆው በጎድጓዳ ሳሕን፣ ዳቦው መሀል ላይ። ቄሱ ጸሎት አድርገው ዳቦውን ቆረሱ፣ ጽዋውን ባረኩ። በላን። 

ሙሴዋ ወጥ ቤት ተከትላኝ ገባች። "ከየት አመጣሽው?" አለችኝ ቀስ ብላ።

"ለምኜ።"

"ማንን?"

"አንቺ ሬንት አይከፍልም ያልሽውን።"

 ውሃ ቀድታ ጠጣችና ወጣች።

ሲሄዱ ትሪያቸውን ለየባለቤቱ መለስኩ። ፎይሉ ላይ በረዶ ጥሎበታል፤ ውስጡ እንደ ድንጋይ ሆኗል። አንዲት ሁልጊዜም የማትዋሽ ሴት ነበረች፤ ትሪዋን በጥፍሯ አንኳኩታ፣ "ኧረ አንቺ ሴትዮ! ምስሬን አስፋልት አደረግሽው!" ብላ ከት ብላ ሳቀች። ከሁሉም የምወዳት እሷን ነው። ሌሎቹ አልሳቁም። ጽዋውን ተረኛዋ ተቀብላ ወረደች።

ከዚያ ወሬው ጀመረ። ኩሩ ናት አሉኝ፤ ይሁን፣ ነኝ። ከዚያ ደግሞ ማኅበሩን ከፉድ ሼልፍ፣ ለቸገረው ምግብ በነጻ ከሚታደልበት፣ ባመጣችው ነው ያበላችው ተባለ። ከፉድ ሼልፍ መብላት ነውር አይደለም፤ ቢቸግረኝ እሄድ ነበር። ግን አልሄድኩም። ዘመድ በድብቅ ይልክላታልም ተባለ። እኔ አካፋውን ለማንም አልነገርኩም። እነሱ ጫማቸው ሳይርስ የወጡበትን ደረጃ ማን እንደጠረገው የጠየቀ የለም። ይኸው ዛሬ ነገርኳችሁ።

እኔ በጸደይ ሆስፒታል ላውንድሪ ሥራ አገኘሁ። ዓመታት አለፉ። ያ አሥር ዓመት ሊያልቅ ሲል ዕዳውን መክፈል ያቃተው ብዙ ሰው ቤቱን ለባንክ ማስረከብ ጀመረ። ኩን ራፒድስ ያለው ቤትም፣ ያ ጋራዡም አብሮ ሄደ። ሙሴዋ ከነባሏ እዚሁ እኛ ሰፈር፣ ከእኔ ሁለት መንገድ አልፎ፣ አፓርትመንት ተከራየች። በዚያ ወር ጽዋው እሷ ጋ ነበር።

ስልኬ ጠራ። ያቺ በስፒከሩ "አሜን በያት" ያለችው ናት።

"እንግዲህ አንድ አንድ ትሪ እንያዝላት ብለናል፤ አንቺ ምን ትይዣለሽ?" አለችኝ።

"እጄን።"

"አይ አንቺ፣ እስካሁን ይዘሽ ነው? ቂም እኮ..."

"ያዙ፤ የእናንተ ጉዳይ ነው። እኔ እጄን ይዤ ነው የምሄደው።"

ቂም ነው ካላችሁ ቂም ነው። ረስቼው አላውቅም፣ ሙሴዋም ይቅርታ ጠይቃኝ አታውቅም። ግን የዚያን ቀን ቀድሜ ተነስቼ፣ ማንም ሳይደርስ በሯን አንኳኳሁ። ከፈተችልኝ። ያየችው ፊቴን አልነበረም፤ እጄን ነበር። ቀኙን አየች፣ ግራውን አየች።

"ባዶ እጅሽን መጣሽ?" አለች።

"ማኅበር አይደል እንዴ?"

 ፊቷን ወደ ውስጥ አዞረችና በሩን በደንብ ከፈተችው። "ግቢ" አለች። "ግቢ፣ እህቴ።"

ጠረጴዛው ላይ ሽሮ ነበር፣ ጎመን ነበር፣ ዳቦም ነበር። ከየት እንዳመጣችው አልጠየቅኋትም። ቄሱ እስኪመጡ ጠብቀን፣ ጽዋው ተባርኮ፣ ስንበላ ሳሕኔን ጨረስኩና ሌሎቹ ሁሉ እየሰሙ ወደ እሷ ዘረጋሁት።

"ጨምሪልኝ" አልኳት።

ጨመረችልኝ።