የወንድሜ ሞተር መቀመጫ

ወንድሜ ከሞተ በኋላ ሞተሩ እናታችን ግቢ ውስጥ፣ ግንቡ ሥር፣ ነጠላ ለብሶ ቆመ። ነጠላውን ያለበሰችው እናቴ ናት። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ገልጣ ትወለውለውና መልሳ ትሸፍነዋለች። ከእሷ በቀር የሚነካው ሰው አልነበረም። እኔማ ድሮም አልነካውም። ሞተር ላይ የወጣሁት ከወንድሜ ኋላ ብቻ ነው፤ ያውም ወገቡን አንቄ፣ ዓይኔን ጨፍኜ። በፈረስ መጋላ ገበያ ስናልፍ ጓደኞቹ "ታላቅህን ልትሸጠው ነው እንዴ? ማን ይገዛሃል!" ይሉት ነበር።

የወንድሜ ሚስት የምትሠራው ከኤረር በር ወጥቶ፣ ገጠር ጤና ጣቢያ ነው። እሱ እያለ ጠዋት ጠዋት በሞተሩ አድርሷት ይመለስ ነበር። ከሞተ በኋላ በጭነት መኪና መሄድ ጀመረች። መኪናው የሚነሳው ሲሞላ ነው፤ የሚሞላው ደግሞ ደስ ሲለው። ማርፈድ ስታበዛ አለቃዋ ጠራትና "ወይ በሰዓቱ ድረሺ፣ ወይ እዚሁ ቤት ተከራይተሽ ኑሪ" አላት። እዚያ ኑሪ ማለት ልጇንም ይዛ ትሂድ ማለት ነው። ልጅቷ ደግሞ ከእናቴ ጋር አንድ አልጋ ላይ ነው የምትተኛው። አባቷ ከሞተ ወዲህ እናቴን እህል ማስቀመስ የቻለ ሰው ቢኖር እሷ ብቻ ናት፤ በትንሽ እጇ እያጎረሰቻት።

መንዳቱን ወንድሜ አስተምሯታል። አንድ ቀን አንገቷን ደፍታ፣

"እማማ፣ ሞተሩን ቢፈቅዱልኝ…" አለች።

እናቴ የሞተሩን ነጠላ ገለጥ አደረገች። ከዚያ፣ "መቀመጫው እኮ ተቀዳዷል" አለች።

እሺ ማለቷ ነበር። እውነትም ቆዳው ተሰነጣጥቆ ስፖንጁ ወጥቷል። ክረምቱን ሙሉ የጠጣውን ውሃ፣ የሚቀመጥበት ሰው ቢገኝ ሱሪው ላይ ነበር የሚተፋው። እኔም ቶሎ ብዬ "ወደ ልብስ ሰፊዎቹ ልውሰደውና ያልብሱት" አልኩ።

"ከዚህ ግቢ አይወጣም" አለች እናቴ። "አንተው ሥራው። ላዩን ቀይር። ውስጡን ግን እንዳትነካ።"

ውስጡን ያለችው ገብቶኛል። ወንድሜ ረጅም፣ ከባድ ሰው ነበር። ልጅ ሆኖ ኳስ ሲጫወት ጉልበቱን ስለተጎዳ ሁሌም ወደ ግራ ጋደል ብሎ ነው የሚቀመጠው። ስፖንጁ እዚያ ጋ እንደጎደጎደ ቀርቷል። እናቴ ስትወለውል እጇ እዚያ ሲደርስ ይዘገይ ነበር።

ሠራተኛው እንግዲህ እኔ ነኝ። ወረቀት ላይ ማኅተም ስመታ ያረጀሁ ሰውዬ። ቤቴ ሚስማር ልመታ ስነሳ ሚስቴ መጀመሪያ የምታዘጋጀው ፋሻ ነው።

ጊደር መጋላ ገበያ ሄጄ ጥቁር ሰው ሠራሽ ቆዳ፣ ማስቲሽና አዲስ ስፖንጅ ገዛሁ። ቅዳሜ ግቢው ውስጥ መቀመጫውን ፈታሁ፤ ትናንሾቹን ሚስማሮች ከላሜራው በፒንሳ ነቀልኩ። የድሮውን ልብስ ስፌቱን ተርትሬ፣ አዲሱ ላይ ዘርግቼ፣ ዙሪያውን በጠመኔ አሰመርኩና ቆረጥኩ። በእናቴ የእግር መኪና መስፋት ጀመርኩ። መርፌ ሰበርኩ፤ ሌላ ሰበርኩ። በመጨረሻ ሰፍቼ ሳነሳው አንደኛው ጎን ተገልብጧል።

"ጋሼ፣ መቀመጫው ነው ወይስ እርስዎ ነዎት የተገለበጡት?" አለች የወንድሜ ሚስት።

ሳቀች። ከለቅሶው ወዲህ ስትስቅ ስሰማት የመጀመሪያዬ ነው። እናቴም አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ደስ ብሎኝ ተርትሬ እንደገና ሰፋሁ።

ውስጡን አልነካሁም። አዲሱን ስፖንጅ ከአሮጌው ላይ ደረብኩና ጉድጓዱን ሞልቼ፣ ቆዳውን ወጥሬ በሚስማር መታሁት። ተነፋፍቶ የሙሽራ ፍራሽ መሰለ። ሥራዬን አይቼ፣ ጡረታ ስወጣ ሱቅ እከፍታለሁ ብዬ አሰብኩ።

መቀመጫውን ሞተሩ ላይ መልሼ አሰርኩትና የወንድሜ ሚስት ወጣችበት። እግሮቿ ተንጠለጠሉ። በአንዱ ጣት ጫፍ መሬቱን ስትፈልግ ሞተሩ ተንጋደደ፤ ዘልዬ ያዝኩት። "ባለ ተረከዝ ጫማ ይገዛላታል" አልኩ። ማንም አልሳቀም።

ልብሱን አንስቼ አዲሱን ስፖንጅ አወጣሁ። እንደገና ወጣች። አሁንም ተረከዟ አየር ላይ ነው። የረጅም ሰው መቀመጫ ነዋ። የዳቦ ቢላዋው እጄ ላይ ነበር፤ ስፖንጅ ልቆርጥበት ያመጣሁት። እናቴ እንዳታየው ከኋላዬ ደበቅኩት። የወንድሜ ሚስት ቢላዋውንም አይታለች፣ መደበቄንም አይታለች። ቀስ ብላ ወረደች።

"ይቅር ጋሼ" አለች። "እዚያው ገጠር ቤት እከራያለሁ።"

እናቴ ደፉ ላይ ተቀምጣ ነበር። ግድግዳውን ይዛ ተነሳችና መጣች።

"እስቲ መልሰሽ ውጪበት" አለቻት።

ወጣች። እናቴ ጉልበቷ እየተንቋቋ ቁጢጥ አለች፤ መዳፏን መሬት ላይ ዘርግታ ከምራቷ ተረከዝ ሥር አስገባች። ሌላኛውን መዳፏን ደረበችበት። አሁንም ክፍተት አለ።  ከዚያ ተነስታ፣ "ውረጂ" አለቻትና እጇን ጉድጓዱ ውስጥ አሳረፈች። እኔ ግንቡን አየሁ።

"ቁረጥ" አለችኝ።

ከላዩ ስስ አድርጌ ቆረጥኩ።  ምራቷ ወጣች፤ እናቴ ቁጢጥ ብላ ለካች።

"ገና ነው። ቁረጥ።"

ቆረጥኩ። የወንድሜ ጉድጓድ ጠፋ፤ ስፖንጁ ጠፍጣፋ ሆነ። ምራቷ ወጣች። እናቴ መዳፏን አስገባች። በዚህኛው ጊዜ ተረከዙ ወረደና እጇን መሬት ላይ ተጫናት።

ምራቷ ደንግጣ እግሯን ልታነሳ ስትል፣

"ቆይ" አለቻት እናቴ፤ "አታንሺ።"