ቢጫ ቲማቲሜና የምራቴ «ይጣፍጣል»

አይደለም! ዓይኔ ደህና ነው። እስካሁን ክር በመርፌ የማስገባው ራሴ ነኝ። የትናንቱ ነገር የዓይን ጣጣ አይደለም፣ ስሙኝ ብቻ...

ይህን የምትጽፍልኝ ምራቴ ሰላም ናት፣ የሰባት ወር እርጉዝ። እየሳቀች ነው... ትሳቅ። ትናንት ግን የሳቀ የለም።

ጓሮዬ ውስጥ ቢጫ ቲማቲም አለኝ። ዘሩ የእናቴ ነው። በየዓመቱ አንድ ደህና ፍሬ ጨርቅ ላይ ጨምቄ አደርቅና ለከርሞ አስቀምጣለሁ። ቢበስልም አይቀላም። ሲያዩት ቁርጥ እምቧይ፣ ሲበሉት ግን ማር!

ትናንት ረቡዕ በሱ ለሰላም ስልስ ሠራሁላት። በዳቦ ጥርግ አድርጋ በላች።

«እንዴት ነው?» አልኳት።

«ይጣፍጣል እማማ» አለችኝ።

ሳህኑን ሳላነሳ እናቷ እትዬ ዘነበች ከሱሉልታ ከተፍ አሉ። ገና ሳይቀመጡ ከቅርጫቴ አንድ ፍሬ አነሱ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ቲማቲም ነዋ!»

«የምን ቲማቲም! እምቧይ ነው እንጂ! ልጄን መርዝ አበሏት?»

«ኧረ እትዬ! ቲማቲምና እምቧይ የማልለይ መሰልኩዎት?»

«እንግዲያው ይሄ እሾህ ምንድነው?»

ተቀብዬ አየሁት... ቆቡ ላይ እሾህ አለ። ቲማቲም ደሞ እሾህ የለውም። ለካ የአጥሩ እምቧይ ከቲማቲሜ ጋር ተጠላልፎ በቅሎ፣ አብሬ ለቅሜዋለሁ! አንዷ ቅርጫት ከገባች... ስንቷ ድስት ገባች?

እምቧይ መራራ ነው፣ አንዷ ብቻ ድስቱን ሙሉ ታበላሸዋለች። ሲሠራ የቀመሰ ያውቃል። እኔ ግን ረቡዕና አርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምጾም አልቀምስም፣ በግምት ነው የምሠራው።

ወደ ሰላም ዞርኩ። «እውነቱን ንገሪኝ፣ መሮሻል?»

«ኧረ አልመረረኝም... ይጣፍጣል።»

እናቷ ጮኹ። «እሷማ ሬት ቢያበሏትም ይጣፍጣል ነው የምትለው! አማትሽን እንዳታሳፍሪ ብዬ ያሳደግኳት እኔ ነኝ!»

እውነታቸውን ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ጨው በዛ ብላኝ አታውቅም። ልጅቷ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ አንዴ እኔን አንዴ እናቷን ታያለች... አሁን ማንን ልመን?

ድስቱ ሥር ትንሽ ቀርታለች። ሰዓቱ ገና ሰባት ነው። አማተብኩ፣ «ይቅር በለኝ» አልኩና በጣቴ ጠርጌ ላስኩ። ሁለቱም አፍ አፌን ያያሉ...

መራራ አይደለም። ጨው ነው! በቃ ጨው! ለካ ሁለቴ ጨምሬዋለሁ፣ ምላሴን አቃጠለኝ።

«ሰላም! ይሄን ነው ይጣፍጣል ያልሽኝ?»

መሬት መሬት እያየች «ትንሽ... ጠንከር ብሎ ነበር» አለች።

እናቷ ግን ሳትመረመር አላምንም ስላሉ ጳውሎስ አካባቢ ክሊኒክ ወሰድናት። ደህና ናት፣ ሆዷ ውስጥ ያለውም ይራገጣል። ሐኪሟ «ጨው ብቻ አታብዢ» ስትላት እኔና እትዬ ዘነበች ጣሪያ ጣሪያውን አየን።

አሁን የሚከነክነኝ ሌላ ነው... በሦስት ዓመት ስንት ያረረ ሽሮ «ይጣፍጣል» እያለች ውጣልኝ ይሆን? እምቧይ ይሻላል እናንተ፣ እሱ እንኳ መራራነቱን አይደብቅም።

እህ? ማነው በር ላይ የሚጠራኝ? ...መጣሁ፣ መጣሁ!